ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ በከንቱ አልተነገረም። ኀላፊነት ከአቅም ጋር መመዘን እንዳለበት፣ ለቁም ነገር የታሰበ ሥራም ላልበሰለ እጅ መሰጠት እንደሌለበት የሚያስጠነቅቅ የልምድ ቃል ነው። ራት የሚጠብቅ ቤተሰብ ባለበት ቤት ይህ ምክር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ተረቱ አንድ ነገር ሳይጠይቅ ያልፋል። ልጁ ሊጡን ሲያቦካ ስለ ራት አስቦ ነበርን?

እናት ዳቦ ስታቦካ ሕፃኑ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ቁራሽ ሊጥ ይለምናል። እንዳያስቸግራት ስትል ቆርሳ ትሰጠዋለች። እርሱም ሊጡን ይጠፈጥፋል፤ ያድበለብላል፤ ይስባል። በመጀመሪያ እባብ ይሆናል። እባቡ ሲበጠስ ሁለት እባብ ይሆናል፤ ይህ ለሕፃኑ ታላቅ ግኝት ነው። ሁለቱ ሲጣበቁ ወፍ ይወጣቸዋል። ወፏ መቆም ሲያቅታት አመድ ይነሰነስባትና ድንጋይ ትሆናለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሊጡ ጠቁሮና ደርቆ ለዶሮዎች ይጣላል። በራት ሚዛን ከተመዘነ ይህ ሁሉ ብክነት ነው። ሆኖም በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ሕፃኑ አንድ ነገር ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ ያንንም የሚያደርገው የገዛ እጁ መሆኑን ዐውቋል። ይህን ዕውቀት በቃል ሊሰጠው የሚችል አዋቂ የለም።

ከዚህ ተራ ትርኢት በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ተራ አይደለም። ሕፃን ልጅ የሚቦካ ነው ወይስ የሚያቦካ? አስተማሪ በክፍሉ ውስጥ የሚያደርገው ሁሉ፣ ወንበር ከመደርደሩ ጀምሮ ዝምታን እስከ ማዘዙ ድረስ፣ ዐወቀውም አላወቀውም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው ብሂል በልጅ አስተዳደግ ላይ ሲውል ሕፃኑን እንደ ርጥብ ጭቃ ያየዋል። ጭቃው የማንንም ቅርጽ ይቀበላልና ቅርጽ ሰጪው ይፍጠን ነው ነገሩ። በጭቃው ውስጥ ሌላ ሁለት ትናንሽ እጆች እንዳሉ ግን ብሂሉ አያነሣም።

እነዚህን እጆች ለማየት ከትምህርት ቤት ውጭ መሄድ ይበቃል። ከብት ጠባቂው ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬ ይሠራል። በሬው የማንም በሬ አይደለም፤ የአባቱ ወይም የጎረቤቱ ነው፤ አንዱ ቀንዱ የተቆለመመ፣ ሻኛው ወደ ግራ ያዘነበለ። ከማሽላ አገዳ ሞፈርና ቀንበር ይሠራለታል። የከተማው ልጅ ደግሞ ከተጣለ ሽቦ መኪና፣ ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ቁርጥራጭ ኳስ ያወጣል። «ዕቃ ዕቃ» በሚባለው ጨዋታ ቆርኪ ስኒ፣ ድንጋይ ምድጃ፣ ሣር ቄጤማ ይሆናል፤ አባወራው ይመጣል፤ እንግዳው «ቤቶች» ብሎ ይጣራል፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ይቀዳል። መድረክ የለውም፤ ተመልካችም የለውም። ተዋንያኑ ግን በአንድ ቃል ተስማምተው ክረምቱን በጋ፣ በረንዳውን አዳራሽ ማድረግ የሚችሉ ናቸው። የቴአትር ሰዎች ለዚህ ስምምነት ሲሉ ወራት ይለማመዳሉ።

ይኸው ልጅ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላው ወደ ክፍል ይገባል። የመጀመሪያው ትእዛዝ «እጅህን ታጠብ» ሲሆን ሁለተኛው «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ነው። ጭቃውና ሽቦው ከደጅ ይቀራሉ። እዚህ ላይ የፊደልን ትምህርት መንቀፍ አልታሰበም። የቄስ ትምህርት ቤቱ የፊደል ቆጠራ የራሱ ዜማና ክብር ያለው ነው፤ ለዘመናትም የአገሪቱን ሊቃውንት አፍርቷል። ይልቅስ ልብ ማለት የሚገባው ይኸው ትውፊት ለፈጠራ ያለውን ከፍተኛ ግምት ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ መድገም አይበቃውም፤ ለብቻው ርቆ ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩም አዲስ የሆነውን ይነግራል። መምህሩም ያደምጣል፤ ያርማል፤ አንዳንዴም ይደነቃል። እንግዲህ ተማሪ ፈጣሪ መሆን እንዳለበት የእኛው ጥንታዊ ትምህርት አልካደም። ልዩነቱ የጊዜ ነው፤ ፈጠራው የሚመጣው ከብዙ የቃል ጥናት ዓመታት በኋላ ነው። በሕፃንነት ዘመን ጭቃ ሲያቦካ የነበረውና በጎልማስነት ቅኔ የሚቆጥረው አንድ ሰው መሆኑ ይረሳል።

ይህን ቅደም ተከተል በአውሮፓ በግልጽ ከተጠራጠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮበል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፍሮበል በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ከተማ ለትንንሽ ሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 «ኪንደርጋርተን» ብሎ ሰየመው፤ የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ለልጆቹ «ስጦታ» ብሎ የጠራቸውን መጫወቻዎች አዘጋጀ። መጀመሪያ ለስላሳ የክር ኳስ፣ ቀጥሎ ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፣ ጥቅልልና ባለ ስድስት ገጽ ቅርጾች፣ ከዚያም ተከፋፍለው የሚገጣጠሙ ጡቦች ነበሩ። መጫወት ለእርሱ ከትምህርት የሚያርፉበት ዕረፍት አልነበረም፤ የሕፃን ዋነኛ ሥራው ነበር።

የፕሩሲያ መንግሥት በነሐሴ 1851 ኪንደርጋርተንን በሕግ ከለከለ። በጥፋትነት የተጠቀሰው ሶሻሊዝምና ክሕደት ሲሆን፣ ሹማምንቱ ፍሮበልን ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮበል ጋር ማምታታታቸውም ይነገራል። ፍሮበል በማግሥቱ ዓመት ሞተ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። የክር ኳስና የእንጨት ጡብ የፈራ መንግሥት ያስቃል። ነገር ግን ፈጽሞ ተሳስቶ ነበር ማለትም ያስቸግራል። ራሱ ገንብቶ ራሱ የሚያፈርስ፣ እንደገናም በሌላ መልክ የሚገነባ ሕፃን፣ የተገነባ ነገር ሁሉ በሌላ መልክ ሊገነባ እንደሚችል ይማራል። ለፕሩሲያ ሹም ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በጥር 1907 በሮማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድኾች ሰፈር የከፈተችው የሕፃናት ቤት ሌላ እርምጃ ነበር። እርሷ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ወደ ልጁ ቁመት አወረደችው፤ ልጁም ሥራውን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደች። መሣሪያዎቿ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ትክክለኛ አገልግሎት አላቸው። የእንጨቱ መሰኪያ በልኩ በተቦረቦረው ቀዳዳ ብቻ ይገባል፤ ስሕተቱን የሚነግረው ዕቃው ራሱ ነው። ብልኃቱ ታላቅ ነው፤ የአስተማሪን ቁጣ ከክፍል አስወጥቷልና። ይሁን እንጂ ሊጡ እባብም ወፍም ድንጋይም በሆነበት ዐይን ሲታይ አንድ ነገር ይጎድለዋል። መሰኪያው ከመሰኪያነት ሌላ ዕጣ የለውም።

ከዚህ በኋላ የጣሊያን ታሪክ የእኛም ታሪክ ይሆናል። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 «ባሊላ» የተባለውን የወጣቶች ድርጅት አቋቋመ። ከስምንት ዓመት ጀምሮ ያሉ ወንዶች ልጆች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ በልካቸው የተሠራ ጠመንጃ አንግተው ይሰለፉ ነበር። ኋላም ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ያሉት «የተኩላ ልጆች» ተብለው ተጨመሩ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መንግሥት ያሳተመው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ እንዲነበብ ተደረገ። «እመን፣ ታዘዝ፣ ተዋጋ» የሚለው መፈክር በግድግዳ ላይ ይጻፍ ነበር። በመጀመሪያ ሲደግፋት የነበረው ይኸው መንግሥት ከሞንቴሶሪ ጋርም አልዘለቀም፤ በ1934 አገሩን ትታ ሄደች። በባሊላ መጀመሪያ ዓመት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ሠራዊቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር የሃያ አንድ ዓመት ወታደር ሆኗል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ የተፈጸመው ግፍ በመዋዕለ ሕፃናት ተጀመረ ማለት ታሪክን ማቅለል ነው፤ የቅኝ ግዛት ምኞትና የካፒታል ጥቅም በልጆች ጨዋታ አይገለጡም። ነገር ግን «ለምን?» ሳይል ቤት የሚያቃጥል እጅ አንድ ቀን ላይ ሳይጠይቅ መታዘዝን ተለማምዷል። መታዘዝ ሁልጊዜ በጎ ምግባር ነው ብሎ ለሚያስተምር ሰው፣ ከዚህ የበለጠ የሚከብድ ማስረጃ አይገኝም።

ይህን ከማንም በፊት የተረዱት የጣሊያን እናቶችና ሠራተኞች ራሳቸው መሆናቸው ሊነገርላቸው ይገባል። ጣሊያን በሚያዝያ 1945 ከፋሺስትና ከናዚ አገዛዝ ነፃ በወጣች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በሬጆ ኤሚሊያ ከተማ አጠገብ ባለችው ቪላ ቼላ በተባለች መንደር ነዋሪዎቹ ለሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ገንዘቡ የተገኘው የሸሸው የጀርመን ጦር ጥሎት የሄደውን ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች በመሸጥ ነው። ጡቡ በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ተለቀመ፤ ሴቶቹ እያጠቡ አቀበሉት፤ አሸዋው ከወንዝ መጣ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለ ወጣት መምህር ወሬውን ሰምቶ እውነት መሆኑን ለማየት በቢስክሌት ወደ መንደሯ ሄደ። እውነት ነበር። በ1994 እስኪሞትም ድረስ ዕድሜውን ለዚህ ሥራ ሰጠ። የሬጆ ኤሚሊያ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የራሱን የሕፃናት ትምህርት ቤት በ1963 ከፈተ፤ ስሙም «ሮቢንሰን» ተባለ።

የታንኩ ነገር ለመድረክ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ያስደንቃል፤ ሆኖም ዋናው ቁም ነገር ከታንኩ በኋላ የመጣው ነው። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ልጆቻቸው ለአዲስ ጌታ እንዲታዘዙ አልነበረም። ባሳለፉት ዘመን ታዛዥ ሰው ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አይተዋል። ስለሆነም ትምህርት ቤቱ ልጁ የሚናገርበትና አዋቂው የሚያደምጥበት ቦታ እንዲሆን ጣሩ። ለዚህም ካደረጉት ሁሉ ለኪነ ጥበብ ሰው የሚቀርበው፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ሠዓሊ ወይም ቀራፂ መቅጠራቸው ነው። ሠዓሊው የሥዕል ክፍለ ጊዜ አስተማሪ አይደለም። የራሱ የሥራ ክፍል አለው፤ በዚያም ጭቃ፣ ሽቦ፣ ቀለም፣ ወረቀት፣ ብርሃንና ጥላ አሉ፤ ልጆቹ የሚያስቡትን ነገር በእነዚህ ያስቡታል። ቬያ ቬኪ የተባለችው አርቲስት ከ1970 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል «ዲያና» በሚባለው ትምህርት ቤት ይህን ሥራ ሠርታለች። በ1996 ደግሞ በከተማይቱ «ሬሚዳ» የተባለ ማዕከል ተከፈተ፤ ፋብሪካዎች የሚጥሉትን የጨርቅ፣ የቆዳ፣ የፕላስቲክና የካርቶን ትርፍራፊ ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚያድል ነው። የሽቦ መኪና ለሚሠራው የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ማዘጋጃ ቤት ያንን ልጅ ትክክል ነህ ማለቱ ነው።

የልጅ መሪነት ምን እንደሚመስል ለማሳየት በዚሁ በዲያና ትምህርት ቤት የተደረገውን፣ በ1997 በመጽሐፍ የታተመውን የጫማና የሜትር ነገር ማውሳት ይጠቅማል። ክፍሉ አንድ ተጨማሪ ጠረጴዛ ያስፈልገው ነበር። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች አናጢ ይጠራ አሉ። አናጢው መጥቶ ልኩን ጠየቀ። በዚህ ጊዜ መምህራኑ ሜትር አውጥተው ለክተው ጉዳዩን በአምስት ደቂቃ መጨረስ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ልጆቹ ጠረጴዛውን በጣት፣ በስንዝር፣ በእግር፣ በጭንቅላታቸው ጭምር ለኩት። ልኩ በየልጁ ይለያያል። ከዚያ የራሳቸውን ሜትር ከወረቀት ሠሩ፤ ቁጥር ጻፉበት፤ ነገር ግን የአንዱ ሜትር ከሌላው አልገጥም አለ። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ የአንድ ልጅ ጫማ ለሁሉም መለኪያ እንዲሆን ተስማሙ፤ ጠረጴዛውም ይህን ያህል ጫማ ነው ተባለ። እውነተኛው ሜትር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የጫማው ልክ ወደ ሜትር ተለውጦ ለአናጢው ተሰጠ።

ይህ ታሪክ ስለ ሒሳብ ትምህርት የሚነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ስለ ፍትሕም ነው። የእኔ ስንዝርና ያንተ ስንዝር ሲለያዩ ሁለታችንን የማያበላልጥ መለኪያ ያስፈልገናል። የሰው ልጅ ሚዛንና ስፍር ያወጣው በገበያ ላይ ከዚሁ ክርክር በመነሣት ነው። በቁና የሚሰፍር ነጋዴና የሚሸምት ሰው የሚጣሉት ስለዚሁ ነው። ሜትሩን ከጅምሩ የተቀበለ ልጅ መለካትን ይማራል፤ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ግን አያውቅም። በጫማ ላይ የተስማሙት ልጆች የጋራ ሕግ እንዴት እንደሚወለድ አይተዋል። ያን ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጠብቆ ስለ ስምምነትና ስለ ሕግ በቃል ማስተማር ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ በእጁ አይነካውም።

የመምህራኑ ዝምታ ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሣበት ቦታ ነው። መልሱን እያወቁ መደበቅ ማታለል አይደለምን? አንድ አስተማሪ ውጤቱን አስቀድሞ ወስኖ፣ ልጆቹን በጣፋጭ ጥያቄ እየጎተተ ወደዚያው የሚያደርሳቸው ከሆነ፣ እውነትም ማታለል ነው። ከግልጽ ትእዛዝም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ትእዛዝ የሚቀበል ልጅ ቢያንስ እንደታዘዘ ያውቃል። «ልጅ ይምራ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ሽፋን ይውላል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ፈተና አለ፤ ይኸውም ልጁ ዛሬ ያለው ነገር የመምህሩን የነገ ዕቅድ ሊለውጥ ይችላል ወይ የሚል ነው። በሬጆ ኤሚሊያ መምህራኑ የልጆቹን ንግግር ይጽፋሉ፤ ሥራቸውን ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ማታ ተሰብስበው ይወያዩበታል፤ በግድግዳም ለጥፈው ለወላጅም ለልጁም ያሳያሉ። የሚቀጥለው ሥራ የሚወለደው ከዚህ ነው። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ከማዘዝ ይከብዳል። አንድ አዘጋጅ ተዋናዩ ባሰበው መንገድ ትዕይንቱ ሲለወጥ አይቶ «ይህ ይሻላል» ለማለት ምን ያህል ራሱን እንደሚታገል የሚያውቁ ያውቁታል።

በእኛ አገር የዚህ ተቃራኒ በየወላጆች በዓል ይታያል። የአራት ዓመት ልጅ ደረቱን ነፍቶ፣ አዋቂ የጻፈለትን ግጥም በአዋቂ እንባ ይደግማል። ስለ አገር፣ ስለ መሪ፣ ስለ እናት፣ እንደየዘመኑ። ተመልካች ያጨበጭባል፤ ልጁም ጭብጨባውን ይወዳል። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች ሁሉም አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ፀሐይ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው፤ ጫፋቸው በመምህርቷ እጅ ተስተካክሏል። መምህርቷን መውቀስ አይገባም። ወላጁ የከፈለው ገንዘብ ፍሬ እንዲታየው ይፈልጋል፤ ርእሰ መምህሩም ይፈልጋል። ግን ጭቃ ላሟ ላይ ቀንድ የጨመረላት ማን ነው? ልጁ ላሟን ያለ ቀንድ ሠርቶ ከነበረ ምናልባት ጎዳ ላም አይቶ ይሆናል። ወይም ቀንዱን ረስቶት ይሆናል፤ ጠይቆ ማወቅ ይቻል ነበር። ሳይጠይቁ መጨመር፣ ትንሽ ቢመስልም፣ የሌላውን ሰው ሥራ መውሰድ ነው።

ይህን የሚሉ ሰዎች ሌላኛውን ጥፋት እንዲዘነጉ አያስፈልግም። ልጅ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ጨዋታውም ሁልጊዜ ቅዱስ ነው ማለት ርካሽ ሙገሳ ነው። በ«ዕቃ ዕቃ» ጨዋታ እመቤቲቱ ማን ትሆናለች? ሠራተኛዋስ? አንድ መንደር ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የተመለከተ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ጫማ የሌላት፣ ወይም በሰው ቤት የምታድገው ልጅ ዘወትር ውኃ ቀጂ ትሆናለች፤ ማንም ሳያዛት ታውቀዋለች። አካሉ የተጎዳው ልጅ በር ጠባቂ ይደረጋል። ልጆች የሚጫወቱት ያዩትን ነው፤ ያዩት ደግሞ የአዋቂዎችን ዓለም ነው። እዚህ ላይ «ልጁ ይምራ» ብሎ ወንበሩ ላይ የሚደገፍ አስተማሪ ነፃነትን አላከበረም፤ የጠንካራውን አገዛዝ ፈቀደ እንጂ። ማድመጥ ማለት ውኃ ቀጂዋን ማየት ጭምር ነው። ያየ ሰውም መግባት አለበት። በስብከት ሳይሆን ለምሳሌ እርሱ ራሱ ማሰሮ ተሸክሞ ወደ ጨዋታው በመግባት፣ «ዛሬ ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ እመቤቲቱ ማን ናት?» በማለት። ከዚያ ልጆቹ የሚሉትን መስማት ነው። ምን እንደሚሉ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻ ከክፍል የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የተስፋፋው «ኦ ክፍል» እየተባለ የሚጠራው ነው። ብዙ የድኻ ልጆች ከፊደል ጋር አንድ ዓመት ቀደም ብለው እንዲገናኙ አድርጓል፤ ይህ የሚናቅ ድል አይደለም። ነገር ግን ስልሳና ሰባ ሕፃናት ባሉበት ክፍል፣ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ይዛ የቆመች መምህርት ስለ ጣሊያን ከተማ ስትሰማ ብትቆጣ ትክክል ናት። በሬጆ ኤሚሊያ ለአንድ ክፍል ሁለት መምህራን አሉ፤ ለሦስት ዓመትም ከነዚያው ልጆች ጋር ይቆያሉ። የከተማይቱ ሀብት እዚያ ላይ ይወጣል። ማድመጥ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ ደመወዝ ነው። ሰባ ልጅ ለአንድ ሰው ሰጥቶ «አድምጪ» ማለት ግዴታን ከባለሥልጣን ትከሻ ወደ መምህርቷ ሕሊና ማውረድ ነው። ይህን ማደባበስ አያስፈልግም።

ሆኖም በዚህ ተቃውሞ ውስጥ አንድ ለብቻው የሚታይ ነገር አለ፤ የማቴሪያል ጉዳይ። ገንዘብ የለም ማለት ጭቃ የለም ማለት አይደለም። ጭቃ በደጅ አለ፤ የልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ፣ የአናጢው ፍቅፋቂ፣ የማሽላው አገዳ አለ። ወደ ክፍል እንዳይገባ የሚከለክለው ድኽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገብቶ ነበር። የሚከለክለው ሌላ፣ የቆየ ነገር ነው። በአገራችን ጭቃ የሚያቦካ እጅ ለረጅም ዘመን ተሰድቧል። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብላለች፤ ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተብሏል፤ በምንጣፋቸውም ላይ የሚቀመጥ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ከዚያም በኋላ የመጡ መንግሥታት የሠራተኛን ክብር ደጋግመው ሰብከዋል። ስድቡ ግን በየጓዳው ሲኖር ቆይቷል። «እጅህን ታጠብ» የሚለው ትእዛዝ ለጤና ሲባል ብቻ የሚነገር አይደለም። ልጁ ከመጀመሪያ ቀኑ ጀምሮ ንጹሕ ሰው በወረቀት፣ ቆሻሻ ሰው በጭቃ እንደሚሠራ ይነገረዋል። ያቦካው ለራት አይበቃም ብቻ ሳይሆን፣ ማቡካቱ ራሱ ያስነውራል።

ስለዚህ በአንድ «ኦ ክፍል» ወለል ላይ ጭቃ ቢቀርብ፣ ለልጆቹ ጣቶች ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ አንድ ሰው ወደዚያ ክፍል መግባት ይቻላታል። ሸክላ ሠሪዋ። በብዙ ቦታ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሩቅ አይደለችም፤ ልጇም ምናልባት ከሰባዎቹ አንዷ ናት፤ በ«ዕቃ ዕቃ» ጨዋታ ውኃ ቀጂ የምትሆነዋ። እናትየዋ አፈሩን ይዛ መጥታ በወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ለምን የተፈጨ የገል ስብርባሪ እንደሚደባለቅበት፣ ጀበናው እሳት ውስጥ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ ትናገራለች። ልጆቹ ይጠይቋታል። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥቁሩ ለምን እንደሚጠቁር፣ ቢሰበርስ ተመልሶ ጭቃ ይሆን እንደሆነ። መምህርቷ መልሱን አታውቅም፤ ጠመኔዋን አስቀምጣ ከልጆቹ መካከል ተቀምጣ ትሰማለች። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሌላ ማንም ሳይጠራት ወደ ፊት ወጥታ፣ እናቷ ስትሠራ እንዳየችው፣ የማሰሮውን ከንፈር በርጥብ ቅጠል ታለሰልሳለች።